የኮንቴይነር እድር፦ ቲኒን 8 ወር ተጠቅሜ ያየሁት

ቅዳሜ ነው፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ስልኬ ጮኸ። ከደንበኛችን ቢሮ ነው። «ደረሰኝ መውጣት አቆመ፤ ሰው ተሰልፎ ቆሟል» አሉኝ። ስኒዬን አስቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው። ሚሞሪው ግማሹ ባዶ ነው። ዲስኩም ቦታ አለው። ሎጉ (ፕሮግራሙ የሚያጋጥመውን የሚጽፍበት መዝገብ) ግን አንድ ነገር ይደጋግማል፦ ፎርክ አልተሳካም፣ ለጊዜው ሪሶርስ የለም። ኮንቴይነሩ (ፕሮግራሙ ለብቻው ተለይቶ የሚሠራበት ክፍል) ውስጥ ሼል (ትእዛዝ መጻፊያ) ከፍቼ ልግባ ብል እሱም እምቢ አለኝ። ለእኔም ቦታ የለም ማለት ነው። ወጥቼ ከዋናው ማሽን ላይ ፒኤስ አልኩ፤ ፕሮሰሶችን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን፣ የሚዘረዝር ትእዛዝ ነው። ስክሪኑ ሞላ። ከ500 የማያንስ መስመር፣ በየአንዳንዱ አጠገብ «ዲፈንክት» የምትል ቃል። ሁኔታቸውን በሚያሳየው ዓምድ ላይ ዜድ የምትባለው ፊደል ከላይ እስከ ታች ተደርድራለች። ዞምቢ ናቸው። ለኮንቴይነሩ የፈቀድኩለት የፕሮሰስ ብዛት 512 ነበር። ሙታኑ ሞልተውት ሕያዋን መግቢያ አጡ።

ኪል ዳሽ 9 የሚባለውን የግድያ ትእዛዝ ሞከርኩ። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ እንደማይሠራ አውቃለሁ። የሞተ ደግሞ አይሞትም። ኮንቴይነሩን አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ደረሰኙ መውጣት ጀመረ፣ ቡናው ግን ቀዘቀዘ። ቲኒን፣ ኮንቴይነር ውስጥ ዞምቢ የሚቀብረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ የፈለግኩት የዚያን ዕለት ማታ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ስላሉት 8 ወራት ነው።

ስለ ቲኒ ለማውራት ስለ ልደትና ሞት ትንሽ ማለት ግድ ነው። በሊኑክስ ፕሮሰስ የሚወለደው በፎርክ ነው። ወላጁ ፎርክ ሲል ራሱን ይገለብጣል። ከዚያች መስመር በኋላ ሁለት ሆነው ይቀጥላሉ። አንድ ጊዜ ተጠርቶ ሁለት ጊዜ የሚመለስ ጥሪ ነው፦ ለልጁ 0 ይመልስለታል፣ ለወላጁ ደግሞ የልጁን መለያ ቁጥር። ልጁ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ኤግዜክ ብሎ ሌላ ፕሮግራም ይሆናል። ሥራውን ጨርሶ ሲሞት ሚሞሪው ይለቀቃል፣ የከፈታቸው ፋይሎች ይዘጋሉ። አንዲት ነገር ግን ትቀራለች። በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) የፕሮሰስ ሰንጠረዥ ላይ ያለችው መስመር። እዚያች ላይ ልጁ በሰላም ወጣ ወይስ በሲግናል (ለፕሮሰስ በሚላክ አጭር መልእክት) ተገደለ የሚለው ተጽፏል። ወላጁ ዌይት ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ መስመሯ አትሰረዝም። ዞምቢ የሚባለው ይኸው ነው።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። ያን ቅዳሜ ቡናው ላይ ነበሩና ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ። እንደምንም አስረዳኋቸው። ብዙም አልገረማቸው።

«እኛም ጋ አለ» አሉኝ። «ሰውየው ሞቷል፤ ቤተሰቡ መጥቶ ካላስመዘገበ ስሙ መዝገቡ ላይ ነው። በየወሩ መዋጮ ያልከፈለ እያልን እንጠራዋለን።»

ከዚህ የተሻለ የዞምቢ ትርጉም እስካሁን አላነበብኩም።

ወላጁ ከልጁ ቀድሞ ቢሞትስ? ልጁ ወላጅ አልባ ሆኖ አይቀርም። ከርነሉ ለፒአይዲ 1፣ መለያ ቁጥሩ 1 ለሆነው ፕሮሰስ፣ በጉዲፈቻ ይሰጠዋል። በተራ ማሽን ላይ ፒአይዲ 1 ሲስተምዲ ወይም ሌላ ኢኒት (መጀመሪያ ተነስቶ ሌሎቹን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ነው። ሥራውን ያውቃል፤ የመጣለትን ሁሉ ያሳድጋል፣ ሲሞትም ይቀብራል። ኮንቴይነር ውስጥ ግን ፒአይዲ 1 የሚሆነው መጀመሪያ ያስነሳኸው ፕሮግራም ነው። ማለትም የእኔ ደረሰኝ አምራች። ሳይጠየቅ የሰፈሩ ሁሉ አሳዳጊ ሆነ። የራሱን ልጆች እንኳ በቅጡ የማይቀብር ፕሮግራም ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቲኒ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ቶማስ ኦሮዝኮ የጻፈው በሲ የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በላቲን ፊደል ኢኒትን ከኋላ ወደ ፊት ካነበብከው ቲኒ ይሆናል። ፈቃዱ ኤምአይቲ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅህ የለም። ፒአይዲ 1 ይሆንና የአንተን ፕሮግራም እንደ አንድ ልጁ ያስነሳል። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ያደርጋል፦ ከውጭ የመጣውን ሲግናል ለልጁ ያስተላልፋል፣ ወደ እሱ የዞሩ ሙታንን ይቀብራል። ልጁ ሲወጣ እሱም የልጁን የመውጫ ኮድ ይዞ ይወጣል። በቃ።

መጫን የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ከዶከር (ኮንቴይነር ከሚያስነሳው መሣሪያ) 1.13 ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ ኮንቴይነሩን ስታስነሳ ባለ ሁለት ሰረዝ ኢኒት የምትለዋን አማራጭ መጨመር ነው። ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ቅጂ) ውስጥ ራሱ እንዲኖር ከፈለግህ የሊኑክስ ዓይነቶቹ አልፓይንም ዴቢያንም ጥቅሉ አላቸው። ኩበርኔቲስ (ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው) ላይ ለምትሠሩ፦ እዚያ ያች አማራጭ የለችም፣ ስለዚህ ኢሜጁ ውስጥ አስገቡት። እኔ አንድ ጊዜ ሁለቱንም አደረግኩ። ኢሜጁ ውስጥ ቲኒ አለ፣ ከላይ ደግሞ ኢኒት ጨመርኩ። ሁለተኛው ቲኒ ሲነሳ ፒአይዲ 1 አለመሆኑን አይቶ፣ ዞምቢዎች ወደ እኔ አይመጡም ብሎ በሎጉ አስጠነቀቀኝ። ደስ አለኝ። ዝም ብሎ የሚበላሽ መሣሪያ ነው የሚያስጠላኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ለውጥ ከዞምቢ ጋር ግንኙነት የለውም። ዶከር ስቶፕ ስል ኮንቴይነሩ በፊት 10 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። ሁልጊዜ፣ ልክ 10። የመውጫ ኮዱ ደግሞ 137። ለዓመታት «ዶከር ለመዝጋት ቀርፋፋ ነው» እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ሐሜት ነበር። ዶከር መጀመሪያ ሲግተርም (በሰላም ውጣ የሚል ሲግናል) ይልካል፣ 10 ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ካልሆነ በሲግኪል ይገድላል። 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው፤ ዘጠኝ ቁጥሩ ሲግኪል። ፒአይዲ 1 ደግሞ በከርነሉ ዘንድ የተከበረ ነው። ለሲግተርም የራሱ ሃንድለር (ሲግናሉን ተቀብሎ የሚሠራ ኮድ) ከሌለው ሲግናሉ ምንም አያደርገውም። የእኔ ፕሮግራም ሃንድለር አልነበረውም። ስለዚህ በየቀኑ «ደህና ሁን» እየተባለ፣ እሱ ሳይሰማ፣ በመጨረሻ አንገቱን ይቀላ ነበር።

ቲኒን ካስገባሁ በኋላ ፕሮግራሜ ፒአይዲ 1 አይደለም። ፒአይዲ 7 ሆኗል፣ ተራ ዜጋ ማለት ነው። ሲግተርም ሲደርሰው ወዲያው ይወጣል። ኮዱም 143 ሆነ፦ 128 ሲደመር 15፣ የሲግተርም ቁጥር። አዲስ ቨርዥን ስንጭን 6 ኮንቴይነር ተራ በተራ እናወርዳለን። አንድ ደቂቃ ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እቀመጥ የነበረው ቀረ። ለዚህ ብቻ እንኳ ቢሆን ቲኒን እጠቀምበት ነበር።

አሁን ወደ ዞምቢዎቹ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ቆጠርኩ፣ ማክሰኞም ቆጠርኩ። ቀንሰዋል። ግን አልጠፉም። የበለጠ የገረመኝ ልክ በግማሽ መቀነሳቸው ነው። ሎጉ ላይ «ጊዜው አለፈበት» የሚል መስመር 14 ጊዜ ካለ፣ በፊት 28 ዞምቢ ይኖር ነበር። አሁን 14። አጋጣሚ እንዲህ አያምርም።

ፒኤስን የወላጅ መለያ ቁጥር ካለበት ዓምድ ጋር አወጣሁት። ሁሉም ዞምቢዎች ወላጃቸው 7 ነው። አንድም 1 የለም። 7 ማን ነው? እኔ ነኝ። የእኔ ፕሮግራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሜ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ አንድ ልጅ ይወልዳል። ልጁ ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር ፕሮግራም ማስጀመሪያ ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱ ደግሞ በተራው ዋናውን ቀያሪ ይወልዳል። ልጅና የልጅ ልጅ አሉ ማለት ነው። ሥራው በ30 ሴኮንድ ካላለቀ ፕሮግራሜ ልጁን በሲግኪል ገድሎ ወደሚቀጥለው ደረሰኝ ያልፋል። ያልፋል ስል፣ ዌይት ሳይል ነው የሚያልፈው። ገድሎ አለመቅበር። ያን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጊት (የኮዱ ታሪክ መዝገብ) ላይ ስሜ አለ፣ ማንንም ማማት አልችልም። የልጅ ልጁ ደግሞ አባቱ ስለሞተበት ወደ ፒአይዲ 1 ይዞራል። ሲሞት እሱንም የሚቀብረው አልነበረም። አንድ ደረሰኝ በዘገየ ቁጥር ሁለት ሬሳ።

ቲኒ የልጅ ልጆቹን ወሰደ። የእኔን ልጆች ግን አልነካም፣ ሊነካም አይችልም። ወላጃቸው በሕይወት አለና። ዌይት የማለት መብቱም ግዴታውም የወላጁ ብቻ ነው። ጎረቤት ሄዶ «እኔ ላስመዝግብለት» ቢል እድሩ አይቀበለውም። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ቢሮ ውስጥ ለሁለት ባልደረቦቼ ደጋግሜ ማስረዳት ነበረብኝ። «ቲኒ አስገብተናል፣ ዞምቢ የለብንም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የወላጅ ቁጥሩን አሳየኝ በሉት።

ስለዚህ ኮዴን ማስተካከል ነበረብኝ። መጠበቁን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ አመጣሁት። ልጅ ሲሞት ከርነሉ ለወላጁ ሲግቻይልድ የሚባል ሲግናል ይልካል። መርዶ ነው። መርዶው ሲመጣ ዌይትፒአይዲን ጠርቼ ልጁን እቀብራለሁ። አንድ መርዶ፣ አንድ ቀብር። ጥሩ ይመስላል አይደል? ሐሙስ ዕለት 3 ዞምቢ አገኘሁ።

ይህ ስህተት የቆየ ነው፤ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ፣ ግን ሠራሁት። እነዚህ ሲግናሎች አይጠራቀሙም። ሦስት ልጅ በአንድ ቅጽበት ቢሞት፣ የመጀመሪያው መርዶ ገና ሳይሰማ ሌሎቹ ከደረሱ ሁሉም እንደ አንድ ይቆጠራሉ። መርዶ ነጋሪው በር የሚያንኳኳው አንድ ጊዜ ነው። ስንት ሰው እንደሞተ አይነግርህም። አንተ ነህ «ሌላስ ማን?» እያልክ የለም እስኪልህ መጠየቅ ያለብህ። ስለዚህ ዌይትፒአይዲን በሉፕ (በድግግሞሽ) ውስጥ አስገባሁት፣ ሳይቆም እንዲመለስ በሚያደርገው ዳብልዩኖሃንግ በሚባለው አማራጭ። የሞተ ልጅ ሲያልቅ 0 ይመልሳል፣ ጭራሽ ልጅ ከሌለ ደግሞ ስህተት፤ ያኔ እወጣለሁ። ከዚያ ወዲህ የወላጅ ቁጥሩ 7 የሆነ ዞምቢ አላየሁም።

አሁን አንዳንዱ ሰው ይጠይቀኛል። ፕሮግራምህ ሁሉንም የሚቀብር ከሆነ ቲኒ ለምን አስፈለገህ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህኛው ኮንቴይነር ያለ እሱም ይኖር ነበር። ግን ሌሎቹ አምስቱ የፓይተንና የሼል ስክሪፕት ናቸው። አንዳንዶቹን የጻፏቸው ልጆች ከቢሮው ለቀው ሄደዋል። የሁሉንም ኮድ ከፍቼ ማን ይቀብራል ማን አይቀብርም እያልኩ መመርመር አልፈልግም። የማላውቀው ላይብረሪ የወለደውን የማላውቀውን ልጅ መቅበርም የእኔ ፕሮግራም ሥራ መሆን የለበትም።

የማይወደድ ነገሩንም ልንገራችሁ። ቲኒ ሲግናሉን የሚያስተላልፈው ለአንድ ልጁ ብቻ ነው። የኮንቴይነሩ ማስነሻ ትእዛዝ በሼል በኩል ከሆነ ያ አንድ ልጅ ሼሉ ሊሆን ይችላል። ሼሉ ደግሞ ሲግተርም ሲደርሰው ለልጁ ሳይነግር ይሞታል። ከዚያ ቲኒ ልጄ ወጣ ብሎ እሱም ይወጣል። ፒአይዲ 1 ሲወጣ ከርነሉ ኮንቴይነሩ ውስጥ የቀረውን ሁሉ በሲግኪል ይፈጃል። ዋናው ፕሮግራምህ ምን እንደመታው አያውቅም። መፍትሔው ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ኤግዜክ ብሎ ቦታውን ለዋናው ፕሮግራም መልቀቅ ነው። አንድ ቃል ናት። ስንት ሰው ይረሳታል መሰላችሁ።

ዳሽ ጂ የምትባል አማራጭም አለችው። ሲግናሉን ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለልጁ የፕሮሰስ ቡድን በሙሉ ትልካለች። እኔ ሰነዱን በጥድፊያ አንብቤ «ይሻላል» ብዬ አበራኋት። በማግስቱ የሂሳብ ክፍሏ ልጅ አንድ ፒዲኤፍ ይዛ መጣች። ደረሰኙ ከላይ ርዕሱ አለ፣ ከመሃል ጀምሮ ባዶ ነው፤ አልከፍት የሚሉም አሉ። «ይሄ ምንድነው ወንድሜ?» አለችኝ። ማታ አዲስ ቨርዥን ስጭን ሲግተርሙ ለወላጁም ለቀያሪዎቹም እኩል ደርሷል። ወላጁ «የጀመራችሁትን ጨርሱ» ለማለት ጊዜ አላገኘም። እነሱም ፋይሉን አጋምሰው ሞቱ። አማራጯ የተባለችውን ነው ያደረገችው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አጠፋኋት። ቀያሪውም መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም እንዲጽፍና ሲጨርስ ብቻ ትክክለኛ ስሙ እንዲሰጠው አደረግኩ። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ።

አሁን አወራረዱ እንዲህ ነው። ሲግተርም ሲመጣ ቲኒ ለወላጁ ያስተላልፋል። ወላጁ አዲስ ደረሰኝ መቀበል ያቆማል። በሥራ ላይ ያሉት ልጆች እስኪጨርሱ ይጠብቃል፣ አንድ በአንድ ይቀብራቸዋል፣ ከዚያ በ0 ይወጣል። ቀያሪው እስከ 30 ሴኮንድ ሊወስድ ስለሚችል ለዶከርም 10 ሳይሆን 40 ሴኮንድ እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ። ብዙውን ጊዜ በ3 ሴኮንድ ያልቃል።

አንድ ሌላ ነገርም ቲኒ አይፈታላችሁም። ወላጁ ከልጁ ጋር የሚያወራው በፓይፕ (አንዱ ጽፎበት ሌላው በሚያነብበት ቧንቧ) ከሆነ፣ ልጁን ገደልኩት ብላችሁ ፓይፑ ይዘጋል ብላችሁ አትጠብቁ። የልጅ ልጁ የመጻፊያውን ጫፍ ወርሶ ይዞታል። እሱ እስካለ ወላጁ ማንበቢያው ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ የፋይል መጨረሻ አይመጣለትም። እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። በመጨረሻ እያንዳንዱን ልጅ ስወልድ በራሱ ቡድን አስገባሁት፣ ሴትፒጂአይዲ በሚባለው ጥሪ። 30 ሴኮንዱ ሲያልፍ ሲግኪሉን ለቡድኑ በሙሉ እልካለሁ። ልጅም የልጅ ልጅም አብረው ይሄዳሉ፣ ፓይፑም ይዘጋል። ልጆቹ የየራሳቸው ቡድን ካላቸው ወዲያ ዳሽ ጂም ብትበራ አትደርስባቸውም።

ተፎካካሪ ካላችሁኝ ደምብኢኒት አለ፣ ከዬልፕ የመጣው። እሱም በሲ የተጻፈ፣ እሱም ትንሽ ነው። ዋናው ልዩነቱ ሳይጠየቅ ለቡድኑ በሙሉ ሲግናል መላኩ ነው። አንዱን ሲግናል በሌላ መተካትም ይችላል፤ ሲግተርም ሲመጣ ሌላ ሲግናል የሚፈልግ ፕሮግራም ላለው ሰው ይመቻል። ለተራ የሼል ስክሪፕት ኮንቴይነር እሱን ብመርጥ አልጸጸትም። ለእኔ ዓይነቱ፣ ወላጁ ራሱ ልጆቹን በሥርዓት ማውረድ ለሚፈልግ፣ የቲኒ ዝምታ ይሻላል። ሲስተምዲን ኮንቴይነር ውስጥ የሚያስገቡም አሉ። ለሁለት ሰው ለቅሶ ሦስት ድንኳን መትከል ይመስለኛል።

የምጠቀምበት 0.19.0 ነው፣ የ2020 ዓ.ም. እትም በፈረንጆች። አሮጌ ነው ብሎ የሚያማ አለ። እኔ አላማም። ሁለት ሥራ ያለው ሰው በየወሩ ባሕርዩን ባይቀይር እመርጣለሁ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ስለ ዳሽ ጂ ሰነዱ ላይ ያለው ማብራሪያ፣ ልጆቹ ሥራ ላይ እያሉ ምን እንደሚሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስጠነቅቅ ጥሩ ነበር ብዬ ነው። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ግን ሁለት ትቀንስ ነበር።

ሌላ ደንበኛ ጋ ቲኒ ያልገባበት አንድ አሮጌ ኮንቴይነር ቀርቶብኛል። ትናንት ማታ ገብቼ አየሁት። 41 ዞምቢ አለበት፣ የሁሉም ወላጅ 1 ነው። ሐሙስ ከሥራ በኋላ እገባበታለሁ።